የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አሪታ ፍራንክሊን፣ ከአባቷ ቤተ ክርስቲያን እስከ ሶል ሙዚቃ ዙፋን

ከጥቁር አሜሪካውያን የቤተ ክርስቲያን መዝሙርና ከብሉዝ በተወለደው የሶል ሙዚቃ አነሳስ ላይ ባለፈው እትም ያወጣነውን ጽሑፍ ተከትሎ ወደ ዝግጅት ክፍላችን ከደረሱት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ያተኮሩት በአንዲት ድምፃዊት ላይ ነው። ስለዚህ የዚህን ወር አምድ በሙሉ ለአሪታ ፍራንክሊን ሰጥተነዋል። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አዋህደናቸዋል፤ የተጠቀሱት ዓመታትም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በእኛ አገር ዘማሪ የነበረ ሰው ዘፋኝ ሆነ ሲባል ቤተሰብም ጉባኤም ያዝናል። አሪታ የሰባኪ ልጅ እንደነበረች አንብቤአለሁ። ወደ ዘፈን ስትገባ አባቷ እንዴት ዝም አሉ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አባቷ ዝም ማለት ብቻ ሳይሆን መንገዱን የጠረጉላት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። ይህን ለመረዳት ክላረንስ ላቮን ፍራንክሊን ምን ዓይነት ሰባኪ እንደነበሩ ማወቅ ያስፈልጋል። አሪታ ማርች 25 ቀን 1942 በቴነሲ ግዛት በሜምፊስ ከተማ ተወለደች፤ ቤተሰቡ ጥቂት ጊዜ በቡፋሎ ከኖረ በኋላ በ1946 ዲትሮይት ሲገባ አባቷ የኒው ቤቴል ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ሆኑ። ስብከታቸውን በዝግታ ንግግር ይጀምሩና ድምፃቸውን ደረጃ በደረጃ ከፍ እያደረጉ፣ ንግግሩ ሳይታወቅ ወደ ዜማ እስኪለወጥ ድረስ ጉባኤውን ይዘውት ይነሡ ነበር። ያ ስብከት በሬዲዮ ይተላለፋል፣ በሸክላ ታትሞም በመላ አገሪቱ ይሸጣል፤ ሰዉ «የሚሊዮን ዶላር ድምፅ» ይላቸው ነበር። የራሳቸው ድምፅ በሸክላ የሚሸጥ ሰባኪ የልጃቸውን ሸክላ እንደ ውርደት ሊያዩት እንደማይችሉ ግልጽ ነው።

ቤታቸውም እንግዳ የማያጣው ቤት ነበር። ማሃሊያ ጃክሰን፣ ክላራ ዋርድና ጄምስ ክሊቭላንድን የመሳሰሉ የጎስፔል መዝሙር አውራዎች ይመጣሉ፤ በዚያው ሳሎን ውስጥ የጃዝ ፒያኖ ሊቁ አርት ቴተምም ይጫወታል። ትንሿ አሪታ መምህር ሳይቀጠርላት፣ ኖታ ሳታነብ፣ የሰማችውን በጆሮዋ እየያዘች ፒያኖ የለመደችው በዚህ ሁሉ መካከል ነው። እናቷ ባርባራም መልካም ድምፅ ያላቸውና ፒያኖ የሚጫወቱ ሴት ነበሩ፤ ይሁን እንጂ በ1948 ከባላቸው ተለይተው ወደ ቡፋሎ ተመለሱ፣ በ1952ም አሪታ አሥር ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀናት ሲቀሯት በልብ ሕመም አረፉ። ልጅቱ በቤተ ክርስቲያን ብቻዋን ቆማ መዘመር የጀመረችው ይህን ኀዘን ተከትሎ ነው። የአክስቷ ቀብር ዕለት ክላራ ዋርድ ስትዘምር ስሜቷን መቆጣጠር አቅቷት ባርኔጣዋን ከራሷ ላይ አውልቃ መሬት ላይ ስትጥል አይታ፣ እኔም ዘማሪ እሆናለሁ ብላ የወሰነችው በዚያች ቅጽበት እንደሆነ አሪታ ደጋግማ ተናግራለች። ከዚያ በኋላ አባቷ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወሩ በሚያካሂዱት የስብከት ጉዞ አብራ መዘመር ጀመረች፤ በ14 ዓመቷም በአባቷ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተቀዳ የመጀመሪያ የመዝሙር ሸክላዋ ወጣ። በእነዚያው የልጅነት ዓመታት ሁለት ወንዶች ልጆች ወልዳለች፤ ወደ መድረክ መመለስ የቻለችውም አያቷ ሕፃናቱን ስላሳደጉላት ነው።

ወደ ዘፈን የወሰዳት የሳም ኩክ ምሳሌነት ነው። ሳም ኩክ ሶል ስተረርስ የተባለው የመዝሙር ቡድን ዋና ድምፅ ነበር፤ በ1957 ወደ ዓለማዊ ዘፈን ዞሮ ወዲያው የአገሪቱን ሰንጠረዥ ቀዳሚ ቦታ ሲይዝ የፍራንክሊን ልጆች በአድናቆት ተከታትለውታል። አሪታ 18 ዓመት ሲሞላት ሐሳቧን ለአባቷ ነገረች፤ እርሳቸውም ለሙከራ የሚሆን ቅጂ አሠርተው ወደ ኒው ዮርክ ወሰዷት። ከምእመናን መካከል ቅር የተሰኙ አልጠፉም። አሪታ ራሷ በ1961 በኒው ዮርክ በሚታተም የጥቁሮች ጋዜጣ ላይ ወደ ዘፈን በመግባቷ ፈጣሪዋን የበደለች እንደማይመስላት ጽፋለች። አባቷ ደግሞ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ ከዚህ በታች በምናነሣው የሎስ አንጀለስ ዝግጅት ላይ ተነሥተው፣ ልጃቸው ቤተ ክርስቲያንን ፈጽሞ ትታ እንደማታውቅ በአደባባይ መስክረዋል። በእኛ እምነት ስለ አሪታ ሙዚቃ ከተነገረው ሁሉ ይህ የአባት ቃል ለእውነት የቀረበ ነው፤ የሚቀጥለው መልሳችንም ይህንኑ ያሳያል።

ጥያቄ፦ የሙዚቃ ተማሪ ነኝ። አሪታ ኮሎምቢያ በተባለው የሸክላ አሳታሚ ድርጅት ለስድስት ዓመት ያህል ስትቀዳ ብዙም አልተሳካላትም፤ አትላንቲክ ወደተባለው ሌላ አሳታሚ በተዛወረች በወራት ውስጥ ግን የአገሪቱ አንደኛ ሆነች። ድምፁ ያው ድምፅ ከሆነ ምን ተለወጠ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የተለወጠው ከፒያኖው ኋላ የተቀመጠው ሰው ነው። በ1960 ለኮሎምቢያ ያስፈረማት ጆን ሃመንድ ቢሊ ሆሊዴይንና ካውንት ቤሲን ለዓለም ካስተዋወቁት ሰዎች አንዱ ስለሆነ ጆሮው አልተሳሳተም፤ የመጀመሪያው አልበም ላይም ፒያኖ ተጫውታለች። ነገር ግን ድርጅቱ አሪታን የምሽት ክበብ እመቤት ሊያደርጋት ፈለገ። በቫዮሊን የታጀቡ የቆዩ የቲያትር ዘፈኖች፣ የጃዝ ዜማዎች፣ ለወጣቱ ገበያ የታሰቡ ቀላል ነገሮች በየተራ ተሞከሩ። በእነዚህ ሸክላዎች ውስጥ የሚወደዱ ሥራዎች አሉ፤ በ1964 ለድምፃዊቷ ዳይና ዋሽንግተን መታሰቢያ ያወጣችው አልበም በተለይ ሊናቅ አይገባውም። ችግሩ ድምፃዊቷ ከማይክሮፎኑ ፊት ቆማ፣ ሌላ ሰው በወረቀት ላይ ጽፎ የጨረሰውን ቅንብር ተከትላ እንድትዘፍን መደረጉ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ዘማሪ ግን ዜማውን የሚያስረዝመውና የሚያሳጥረው ጉባኤው በሚመልስለት መጠን ነው፤ ቅንብሩ በቅድሚያ ከተዘጋ ድምፁ የሚሄድበት ቦታ የለውም።

የኮሎምቢያ ውል በ1966 መጨረሻ ሲያበቃ የአትላንቲኩ ጄሪ ዌክስለር አስፈረማት። ዌክስለር ጋዜጠኛ በነበረበት ዘመን «ሪትም ኤንድ ብሉዝ» የሚለውን መጠሪያ ያስለመደ ሰው ነው። ስለ አሪታ ሲጠየቅ ያደረገው ነገር ወደ ቤተ ክርስቲያን መልሶ ፒያኖ ላይ አስቀምጦ ራሷን እንድትሆን መተው ብቻ እንደሆነ ይናገር ነበር። ለዚህም የመረጠው ኒው ዮርክን ሳይሆን በአላባማ ግዛት በምትገኝ ማስል ሾልስ በተባለች ትንሽ ከተማ ያለውን ፌም ስቱዲዮን ነው፤ በዚያ የሚጫወቱት ወጣቶች ነጮች ቢሆኑም የደቡቡን የጥቁሮች ሙዚቃ ከአጥንታቸው ያወቁ፣ ከኖታ ይልቅ በመደማመጥ የሚያቀናብሩ ነበሩ።

ጃንዋሪ 24 ቀን 1967 የሆነው ነገር በሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ብዙ ተወርቶለታል። ለአልበሙ ርዕስ የሆነው የመጀመሪያው ዘፈን በእጃቸው ነበር፤ ግን በምን አኳኋን እንደሚጀመር ለረጅም ሰዓት ግራ ተጋቡ። በመጨረሻ ስፑነር ኦልድሃም በኤሌክትሪክ ፒያኖው ላይ አንድ አዝጋሚ ሐረግ ሲያገኝ አሪታ በራሷ ፒያኖ ገባችበት፣ ድራሙና ቤዙ ተከተሏት፣ ሥራው በጥቂት ሙከራ አለቀ። ሁለተኛውን ዘፈን እንደ ጀመሩ ግን በጊዜው ባሏና አስተዳዳሪዋ በነበረው ቴድ ዋይትና በአንድ የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋች መካከል ከመጠጥ ጋር የተያያዘ ጠብ ተነሣ፤ ማታ የስቱዲዮው ባለቤት ሪክ ሆል ለማስታረቅ ሆቴል ድረስ ቢሄድ ነገሩን ጭራሽ አባሰው፣ በማግሥቱም ሁሉም ተበታተነ። ለአንድ ሳምንት የታቀደው ቀረጻ በአንድ ቀን ተቋረጠ፤ ዌክስለር በእጁ የቀረው አንድ የተጠናቀቀ ዘፈንና ሌላ ግማሽ ብቻ ነው።

ያን አንድ ዘፈን ለሬዲዮ አዘጋጆች ሲያሰማቸው ጥያቄው በረከተ፣ ሸክላው ግን ሁለተኛ ገጽ ስለሌለው ሊወጣ አልቻለም። የማስል ሾልስ ተጫዋቾች ወደ ኒው ዮርክ ተጠሩ፤ አሪታም ያልተጠናቀቀው ቅጂ ላይ ፒያኖዋንና ድምፅዋን ጨመረችበት፣ ከእህቶቿ ጋር ሆና የተቀባዮችን ድምፅ ሞላችው። ለሙዚቃ ተማሪ ትምህርቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ባህል አውራጅ ያወርዳል፣ ተቀባይ ይቀበላል፤ ተቀባዩ ሲሞቅ አውራጁ ይጨምራል። አሪታ ያደረገችው ይህንኑ የአባቷን ጉባኤ ልማድ ወደ ስቱዲዮ ማስገባት ነው፤ እህቶቿ ጉባኤው ሆኑ፣ ግራ እጇ ደግሞ ባንዱ መቼ እንደሚጠብቃትና መቼ እንደሚከተላት የሚነግር ሆነ። ፒያኖው የራሷ ስለሆነ ትንፋሽ ለመሳብ ስታቆም ሙዚቃውም አብሮ ይቆማል፤ የቃሉን መጨረሻ ልታስረዝመው ስትፈልግ ከሥር ያለው ኅብረ ድምፅ ይጠብቃታል። የአትላንቲክን የ1967 እና የ1968 ሥራዎች ስታዳምጥ የድምፁን ከፍታ ለጊዜው ተወውና ፒያኖውን ብቻ ተከተል፤ ቅንብሩን የምትመራው እሷ እንደሆነች ወዲያው ይገባሃል።

ጥያቄ፦ «ሪስፔክት» የአሪታ ድርሰት ነው ወይስ የሌላ ሰው? በጓደኞቼ መካከል ክርክር ተነሥቶ ሳይቋጭ ቀርቷል። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ግጥሙም ዜማውም የኦቲስ ሬዲንግ ነው፤ እሱም በ1965 ዘፍኖታል። በእሱ ዘፈን ውስጥ ደክሞ ወደ ቤቱ የሚገባ አባወራ ከሚስቱ አክብሮት ይጠይቃል። አሪታ በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1967 ስትቀዳው ጠያቂዋን ሴት አደረገቻት፣ ይህም ብቻውን የዘፈኑን ትርጉም ገለበጠው። የቃሉን ፊደላት አንድ በአንድ እየጠሩ የሚዘፈንበት ዝነኛው ክፍልና እህቶቿ ካሮሊንና ኧርማ በፍጥነት እየደጋገሙ የሚቀበሉት ሐረግ በኦቲስ ሥራ ውስጥ አልነበሩም፤ መካከል ላይ የሚገባው የኪንግ ከርቲስ ሳክስፎንም እንዲሁ አዲስ ነው። ሸክላው በጁን ወር ለሁለት ሳምንት የአሜሪካ አንደኛ ዘፈን ሆነ። በዚያው ወር ኦቲስ በሞንተሬይ የሙዚቃ ፌስቲቫል መድረክ ላይ፣ አንዲት ልጅ ዘፈኔን ወሰደችብኝ ብሎ እየቀለደ ተጫውቶታል።

የገንዘቡ ነገር ግን ቀልድ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ መደበኛ የሬዲዮ ጣቢያዎች አንድን ዘፈን ባሰሙ ቁጥር የሚከፍሉት ለግጥምና ለዜማው ባለመብት እንጂ ለድምፃዊው አይደለም። ስለዚህ በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ የአሪታ «ሪስፔክት» በሬዲዮ በተሰማ ቁጥር ክፍያው የሄደው በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በአውሮፕላን አደጋ ወደ ሞተው ወደ ኦቲስ ሬዲንግ ባለመብቶች ነው። በድርሰቱ ክርክር ያሸነፈው ወገን ይህንንም ይጨምርበት።

ጥያቄ፦ በጥቁሮች የመብት ትግል ውስጥ የነበራት ሚና በዘፈን ብቻ የተወሰነ ነበር? (ከጅማ)

መልስ፦ አልነበረም፤ ነገር ግን ንግግር የምታደርግ ሰው ስላልነበረች ያደረገችው ሁሉ በቀላሉ አይታይም። ትግሉ ወደ ቤታቸው የገባው በአባቷ በኩል ነው። በጁን 1963 በዲትሮይት ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ የወጣበትን ታላቅ ሰልፍ በዋናነት ያደራጁት እርሳቸው ነበሩ፤ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ከሁለት ወር በኋላ በዋሽንግተን ያደረጉትን ዝነኛ የሕልም ንግግር ቀደምት ቅርጽ ያሰሙትም በዚያ ሰልፍ ላይ ነው። አሪታ ለኪንግ ድርጅት የገንዘብ ማሰባሰቢያ በተደጋጋሚ ዘፍናለች። ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1968 በዲትሮይት የአሪታ ፍራንክሊን ቀን ተብሎ ሲከበር ኪንግ ተገኝተው ሽልማት አበረከቱላት፤ ሁለት ወር ሳይሞላም ተገደሉ። በመታሰቢያቸውም ላይ ኪንግ በሕይወት ሳሉ አብዝተው የሚወዱትን መዝሙር ዘመረች።

ከሁሉ በላይ ድፍረቷን የሚያሳየው ግን የ1970ው ነገር ነው። የጥቁሮች መብት ታጋይዋ አንጀላ ዴቪስ በታሰረች ጊዜ አሪታ ሩብ ሚሊዮን ዶላር ድረስ ዋስትና ለመክፈል ዝግጁ እንደሆነች ጄት በተባለው መጽሔት ላይ አሳወቀች፤ ገንዘቡን ያገኘችው ከጥቁር ሕዝብ ስለሆነ ለዚያው ሕዝብ ልታውለው እንደምትፈልግም ተናገረች። አባቷ በዚህ አልተስማሙም ነበር፣ እሷ ግን ከቃሏ አልተመለሰችም። በኋላ ዋስትናውን የሸፈነው ሌላ ሰው ነው፤ ይሁንና ኮሚኒስት ለተባለች እስረኛ በዚያ ወቅት በአደባባይ መቆም ለአንዲት የሸክላ ገበያ ላይ ለምትኖር ዘፋኝ ቀላል ውሳኔ አልነበረም።

ጥያቄ፦ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተቀረጸው ፊልሟ በ1972 ተቀርጾ እስከ 2018 ለምን አልታየም? (ከዱባይ)

መልስ፦ ምክንያቱ በመጀመሪያ ቴክኒካዊ፣ በኋላም ሕጋዊ ነው። በጃንዋሪ 13 እና 14 ቀን 1972 አሪታ በሎስ አንጀለስ በኒው ቴምፕል ሚሽነሪ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ከልጅነት ወዳጇ ከጄምስ ክሊቭላንድና ከሳውዘርን ካሊፎርኒያ ኮሚዩኒቲ መዘምራን ጋር ለሁለት ምሽት ዘመረች። የድምፁ ቅጂ በዚያው ዓመት በሁለት ሸክላ ታትሞ ወጣ፤ ከሁለት ሚሊዮን ቅጂ በላይ በመሸጥም ከአልበሞቿ ሁሉ ከፍተኛውን ሽያጭ አስመዘገበ። ፊልሙን እንዲቀርጽ የተላከው የፊልም ዳይሬክተር ሲድኒ ፖላክ ግን ምስሉንና ድምፁን ለማዛመድ የሚያስፈልገውን የመነሻ ምልክት፣ የፊልም ሠሪዎች ማጨብጨቢያ ሰሌዳ የሚሉትን፣ አልተጠቀመም። በሰዓታት የሚቆጠር ምስል ከየትኛው ድምፅ ጋር እንደሚሄድ ማንም ሊለየው ስላልቻለ ፊልሙ ወደ መጋዘን ገባ።

ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ አለን ኤሊየት የተባለ ፕሮዲውሰር በዲጂታል ዘዴ አዛመደው፤ ያን ጊዜ ደግሞ አሪታ ያለ ፈቃዴ ምስሌ አይታይም ብላ በ2011 ከሰሰች፣ በ2015ም በፊልም ፌስቲቫል ሊታይ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት በፍርድ ቤት አሳገደችው። ለሕዝብ የቀረበው ካረፈች በኋላ በቤተሰቧ ስምምነት ነው። ፊልሙን ያየ ሰው የመጀመሪያው ነገር የሚገርመው ዝምታዋ ነው፤ በሁለቱም ምሽት ከመዝሙር ውጭ አትናገርም ማለት ይቻላል፣ የሚናገሩት ክሊቭላንድና በሁለተኛው ምሽት የተገኙት አባቷ ናቸው። በፊተኛው ረድፍ ከአባቷ አጠገብ የተቀመጠችው ሴት ክላራ ዋርድ ናት።

ጥያቄ፦ ኖታ የማታነብ ዘፋኝ ኦፔራ እንዴት ልትዘፍን ቻለች? ታሪኩ እውነት ነው? (ከመቐለ)

መልስ፦ እውነት ነው። በፌብሩዋሪ 1998 በተደረገው የግራሚ ሽልማት ምሽት የኦፔራ ድምፃዊው ሉቺያኖ ፓቫሮቲ ጉሮሮውን ታምሞ መምጣት እንደማይችል ያሳወቀው ዝግጅቱ ከተጀመረ በኋላ ነው። አሪታ ከሁለት ቀን በፊት ለፓቫሮቲ ክብር በተዘጋጀ ግብዣ ላይ እሱ በዚያ ምሽት ሊዘፍነው የነበረውን የፑቺኒ አሪያ (የኦፔራ ዜማ) ዘፍና ስለነበር እንድትተካው ተጠየቀች፤ ኦርኬስትራው የተለማመደው ለፓቫሮቲ ድምፅ በሚስማማ ከፍታ እንደነበርና ለመለወጥ ጊዜ እንዳልነበረ እያወቀች እሺ አለች። የኦፔራ ባለሙያዎች በአዘፋፈኗ ላይ የሚያነሡት ነቀፌታ ሊኖር ይችላል፤ በአዳራሹ የነበረው ሕዝብ ግን ቆሞ አጨብጭቧል።

ጥያቄ፦ ከ1970ዎቹ በኋላ ዝናዋ ቀዝቅዞ ነበር ይባላል። የእጅ ቦርሳዋን መድረክ ላይ ይዛ የምትወጣው፣ አውሮፕላንስ የማትሳፈረው ለምን ነበር? (ከአዳማ፣ ከስቶክሆልምና ከሌሎችም)

መልስ፦ በ1970ዎቹ መጨረሻ ዲስኮ ሲነግሥ እሷም ሞክራው አልሆነላትም። በዚያው ሰዓት የደረሰባት ግን ከሸክላ ሽያጭ የከፋ ነገር ነው። በጁን 1979 ሌቦች ወደ አባቷ ቤት ገብተው ተኮሱባቸው፤ ራሳቸውን እንደ ሳቱ አምስት ዓመት ኖረው በጁላይ 1984 አረፉ። አሪታ በዚያ ጊዜ የአስታማሚዎቻቸውን ወጪ ለመሸፈን ያለማቋረጥ ትሠራ ነበር፤ ካሊፎርኒያንም ትታ ወደ ዲትሮይት ተመለሰች። ወደ አሪስታ ኩባንያ ከተዛወረች በኋላ በ1985 ያወጣችው አልበም በአዲሱ ትውልድ ዘንድ አነሣት፣ በ1987 ከጆርጅ ማይክል ጋር የዘፈነችውም በአሜሪካም በብሪታንያም አንደኛ ሆነ። በዚሁ ዓመት ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። የዚህ ዘመን ሥራዋ በገበያ የተሳካ ቢሆንም፣ በማሽን ድራም የታጠረ ስለሆነ ፒያኖዋን አብዝቶ ደብቆባታል፤ እኛ ደጋግመን የምንመለስበት አይደለም።

የአውሮፕላኑ ፍርሃት የጀመረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአነስተኛ አውሮፕላን ስትጓዝ ከባድ መናወጥ ስለገጠማት ነው። ከዚያ በኋላ የምትጓዘው በአውቶቡስ ብቻ ስለነበር አውሮፓ ዳግመኛ አላያትም፤ በ1984 የማሃሊያ ጃክሰንን ሕይወት በሚያሳይ የመድረክ ሥራ ላይ ልትጫወት ተዋውላም ባለመሄዷ ክስ ቀርቦባታል። ቦርሳው ደግሞ ደመወዟን ይዞ የሚወጣ ነው። ያለፈው ትውልድ ጥቁር ሙዚቀኞች ከዘፈኑ በኋላ በአዘጋጆች ገንዘባቸውን ሲነጠቁ አይታ ስላደገች፣ ክፍያውን ወይም ቢያንስ ከፊሉን በጥሬ ገንዘብ ሳትቀበል አትዘፍንም ነበር፤ ቦርሳዋንም ለማንም አደራ ሳትሰጥ ፒያኖው ላይ ታስቀምጠዋለች። ዲሴምበር 2015 በኬኔዲ ማዕከል ፕሬዚዳንት ኦባማን እንባ ባስወጣችበት ምሽት እንኳ ቦርሳዋን ፒያኖው ላይ አድርጋ ነው መጫወት የጀመረችው።

ጥያቄ፦ ልጆቿ በውርስ የተካሰሱት ኑዛዜ ስላልነበራት ነው? (ከቴል አቪቭ)

መልስ፦ አሪታ በኦገስት 16 ቀን 2018 በቆሽት ካንሰር በ76 ዓመቷ ዲትሮይት ውስጥ ስታርፍ ኑዛዜ እንደሌላት ተገምቶ ነበር። በ2019 ግን በእጅ ጽሑፏ የተጻፉ ወረቀቶች በቤቷ ተገኙ፤ የ2010ሩ በተቆለፈ መደርደሪያ ውስጥ፣ የ2014ቱ ደግሞ በሶፋ ትራስ ሥር በነበረ ደብተር ውስጥ ነበሩ። ሁለቱ ጽሑፎች ስለሚለያዩ ልጆቿ ለሁለት ተከፈሉ። በጁላይ 2023 በሚሺጋን የተሰየመ ሸንጎ የ2014ቱን ሕጋዊ ኑዛዜ አድርጎ ተቀብሎታል።

ጥያቄ፦ የአሪታ ሙዚቃ በእኛ የ1960ዎቹ ዘፈን ላይ ያሳረፈው አሻራ አለ? (ከአትላንታ)

መልስ፦ የሶል ሙዚቃ በጠቅላላው አሻራ አለው። አስመራ በነበረው የአሜሪካ ጦር የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮና ከውጭ በሚገቡ ሸክላዎች አማካኝነት ይህ ሙዚቃ ለወጣት ተጫዋቾች ደርሷል፤ አምሃ እሸቴ በ1969 ሸክላ ማሳተም በጀመረበት ወቅት የነበረውን የትንፋሽ መሣሪያና የኦርጋን አጨዋወት የሰማ ሰው ይህን አይስተውም። በግልጽ የሚታየው ተጽዕኖ ግን የጄምስ ብራውን ነው፣ ለምሳሌ በዓለማየሁ እሸቴ ላይ። የአሪታ መንገድ ለእኛ ባንዶች የቀረበ አልነበረም ብለን እናምናለን፤ የእኛዎቹ የትንፋሽ ተጫዋቾች በብዛት ያደጉት በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስና በጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ውስጥ በወታደራዊ ሥልጠና ነው፣ የእሷ ግን መነሻዋም መመለሻዋም የጉባኤ ዝማሬ ነው።

ጥያቄ፦ ይህችን ዘፋኝ ሰምቼ አላውቅም። ከየት ልጀምር? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ የ18 ግራሚ ባለቤት የሆነች፣ በ2019ም ካረፈች በኋላ ልዩ የፑሊትዘር ክብር የተሰጣት ድምፃዊት ሥራዋ ብዙ ስለሆነ፣ ምርጥ ዘፈኖች ተብለው በተለቀሙ ስብስቦች ባይጀምሩ እንመክራለን፤ የተለያየ ዘመን ሥራ ስለሚቀላቀል ለውጡ አይታይም። በማርች 1967 የወጣውን የመጀመሪያውን የአትላንቲክ አልበም ሙሉውን በተራው ይስሙት። ቀጥሎ በ1971 በሳን ፍራንሲስኮ ፊልሞር ዌስት አዳራሽ በቀጥታ የተቀዳውን ያድርጉ፤ ኪንግ ከርቲስ ባንዱን እየመራ፣ ቢሊ ፕሬስተን ኦርጋን እየተጫወተ፣ መጨረሻ ላይም ሬይ ቻርልስ ሳይታሰብ ከተመልካች መካከል ወደ መድረክ ወጥቶ ከእሷ ጋር የሚቀባበልበት ነው። ኪንግ ከርቲስ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ኒው ዮርክ ውስጥ በስለት ተወግቶ ስለተገደለ፣ የሁለቱ ሥራ በቀጥታ መድረክ ላይ ምን ይመስል እንደነበር በደንብ የሚያሳየው ይህ ቅጂ ነው። የ1972ቱን የቤተ ክርስቲያን ቅጂ ከእነዚህ በኋላ ይስሙት፤ መዝሙሩን ከዘፈኑ አስቀድሞ ከሰሙት በመካከላቸው ያለው ልዩነት ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ላይታወቅዎት ይችላል።